በገዛ ድምፁ ስለ መስማት፤ የጃፓኑ «ድራጎን ቦል» እና የትርጓሜው ነገር

በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። መምህሩ ቅኔውን በግዕዝ ተናግሮ ምሥጢሩን በአማርኛ በሚፈታ ጊዜ ሰሙም ለብቻው፥ ወርቁም ለብቻው ይገለጣል፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ቃል ውስጥ ተቃቅፈው ሳሉ የነበራቸው ኃይል በፍቺው ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ሊቅ ፍቺውን ሰጥቶ ቅኔውን አይተወውም፤ ተማሪው መጀመሪያ ቅኔውን ራሱን እንዲቀበል፥ ፍቺውንም በኋላ እንዲያስከትል ያዝዛል። ትርጓሜ የንባብ አገልጋይ ነው እንጂ ወራሹ አይደለምና።

ይህ ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ላለው ነገርም የሚጠቅም መሆኑን ዘመኑ አሳይቷል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፥ በዙሪያቸውም ካለው የገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ወጥተው የሚማሩ ወጣቶች፥ «አኒሜ» የሚባለውን የጃፓን ተከታታይ የሥዕል ትርኢት በስልካቸው ያያሉ፤ ትርኢቱም በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ስለዚሁ ነገር ወላጆችና ካህናት በተጠየቁ ጊዜ አንዱ «ይከልከል» ሲል ሌላው «የልጅ ጨዋታ ነው፥ ምን ይጎዳል» ይላል። ሁለቱም ወገን ብዙ ጊዜ የሚፈርደው ባልሰማው ነገር ላይ ነው። ወጣቶቹም ቢሆኑ የሚከራከሩበት ጉዳይ አላቸው፤ ይኸውም ትርኢቱን እንግሊዞችና አሜሪካኖች በራሳቸው ድምፅ ተክተው ባዘጋጁት ማየት ይሻላል ወይስ በገዛ ጃፓንኛው፥ ትርጉሙን ከሥዕሉ ግርጌ እያነበቡ ማየት ይሻላል የሚለው ነው። ክርክሩ ቀላል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን የቅኔ ቤቱ ጥያቄ ራሱ ሆኖ ይገኛል።

ለምርመራው «ድራጎን ቦል» የተባለው ሥራ ይበቃል። ደራሲው አኪራ ቶሪያማ ታሪኩን ከ1977 እስከ 1987 ዓ.ም. በአንድ የጃፓን ሳምንታዊ የልጆች መጽሔት ላይ በሥዕልና በጽሕፈት እያወጣ በ519 ምዕራፎች ፈጸመው፤ መጻሕፍቱም 42 ሆኑ። ቶኤይ የተባለው የሥዕል ትርኢት ኩባንያ በ1978 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ማሳየት ጀምሮ የመጀመሪያውን ተከታታይ በ153 ክፍሎች፥ ሁለተኛውንም ከ1981 እስከ 1988 ዓ.ም. በ291 ክፍሎች አወጣው። ቶሪያማ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በ68 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሥራው ግን ከሞቱ በኋላም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ ተከታታይ ታይቷል።

ጃፓን ለኢትዮጵያ ሰው በዛሬው ስልክ ብቻ የታወቀች አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ በመልእክት ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ ጻፉ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ከጃፓኑ የ1881 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ብዙ ነገር ወስዷል። በዚያ ዘመን የነበሩ የኢትዮጵያ ምሁራን ስለ ጃፓን ይጠይቁ የነበረው የራስን ሳይለቁ የሌላውን ዕውቀት መውሰድ እንዴት ይቻላል የሚለውን ነበር። ዛሬ በአንድ የልጆች ትርኢት ላይ የሚነሣው ጥያቄ ከዚያ የራቀ አይደለም፤ የሌላውን ሥራ ስንወስድ ከነራሱ ድምፅ እንወስደዋለን ወይስ ሌላ ሰው በመንገድ ላይ ለውጦ ያቀበለንን እንወስዳለን ነው።

በመጀመሪያ ስለ «እኔ» የሚለው ቃል ይነገር። በጃፓንኛ «እኔ» ለማለት ብዙ ቃል አለ፤ ተናጋሪውም ከቃሎቹ አንዱን በመረጠ ጊዜ አስተዳደጉንና ጠባዩን ይገልጣል። «ዋታሺ» የጨዋ አነጋገር ነው፤ «ቦኩ» ትሑት የሆነ ወጣት ወንድ የሚናገረው ነው፤ «ኦሬ» ድፍረት ያለበት ነው፤ «ኦራ» ደግሞ የገጠር ሰው አነጋገር ነው። የታሪኩ ባለቤት ጎኩ በተራራ መካከል በአንድ ሽማግሌ እጅ ያደገ ልጅ ስለ ሆነ ራሱን «ኦራ» ይላል፤ ከኃያላን ሁሉ በላይ በሆነ ጊዜም «ኦራ» ማለቱን አይተውም። ልጁ ጎሃን ግን እናቱ ሊቅ እንዲሆንላት በመጽሐፍ ላይ አስቀምጣ ያሳደገችው ስለ ሆነ «ቦኩ» ይላል። ተፎካካሪው ቬጂታ የንጉሥ ልጅነቱን የማይረሳ ትዕቢተኛ ነውና «ኦሬ» ይላል። ሦስት ሰዎች በአንዲት ቃል ተለይተው ታወቁ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ግን ለሦስቱም ያለው አንድ «እኔ» ብቻ ስለ ሆነ ልዩነቱ ሁሉ ጠፋ፤ የተራራው ልጅም በአሜሪካኑ ድምፅ እንደ ማንኛውም የከተማ ጀግና ሆነ።

ይህ ጥፋት ትንሽ አይደለም። ከቋሪት ወይም ከደጋ ዳሞት ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም ለትምህርት የመጣ ልጅ በአነጋገሩ ምክንያት የከተማ ልጆች ሲሥቁበት ምን እንደሚሰማው ያውቃል። በጃፓንኛው የሚሰማው ጎኩ የገጠር አነጋገሩን ሳያፍርበት ዓለምን የሚያድን ሰው ነው፤ ይህም ከታሪኩ ቁም ነገሮች አንዱ ነው። የድምፅ ምትኩ ይህን ቁም ነገር ከልጁ ወሰደበት፤ ልጁም የተወሰደበት መሆኑን አያውቅም።

ሁለተኛው ስለ አክብሮት አነጋገር ነው። ፍሪዛ የተባለው ጨካኝ ሰው ብዙ ሕዝብ ያጠፋ ሲሆን በመጀመሪያ በሚገለጥበት ጊዜ የሚናገረው በተመረጠ የጨዋ አነጋገር ነው፤ ሊገድለው ያሰበውን ሰው እንኳ በትሕትና ቃል ያነጋግረዋል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ አንድ ነፍሰ ገዳይ ሰይፉን መዝዞ «እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ» ቢል ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያውቃልና። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ የማይለይ ስለ ሆነ ይህን በቃል ማሳየት አልቻለም። ደግሞም በጃፓንኛ ግሥ እንደ አማርኛ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል፤ ተናጋሪው ይምር እንደ ሆነ ወይም ይቀጣ እንደ ሆነ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ አይታወቅም። እንግሊዝኛው ግሡን ወደ ፊት ስለሚያመጣው የሰሚው ጥበቃ ቶሎ ይፈጸማል። ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር ግልጥ ይሆናል፤ ይህን ሥራ ወደ አማርኛ ሊመልስ የሚያስብ ሰው ቢኖር ከእንግሊዝኛው ሳይሆን ከጃፓንኛው ቢተረጉም ለእንግሊዞች ያልተቻለው ለእርሱ ይቻለዋል። እንግሊዝኛን መካከለኛ ያደረገ እንደ ሆነ ግን አማርኛ ያለውን ሀብት ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ሦስተኛው የስሞች ነገር ነው፤ የቅኔ ተማሪንም ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው ይህ ነው። የጃፓን ፊደል አንዱ ወገን እንደ ግዕዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት የሚጽፍ ነው። በጃፓንኛ አትክልት «ያሳኢ» ይባላል፤ ይህም ያ፥ ሳ፥ ኢ የሚሉ ሦስት ፊደላት ነው። ደራሲው የመጀመሪያውን ፊደል ወደ መጨረሻ ወስዶ ሳ፥ ኢ፥ ያ ቢለው «ሳኢያ» የሚል የጦረኞች ነገድ ስም ወጣለት። ከዚህ በኋላ የነገዱ ሰዎች ሁሉ ስማቸው ከጓሮ የተለቀመ ሆነ፤ ቬጂታ ከእንግሊዝኛው የአትክልት ስም ነው፤ ናፓ የጎመን ወገን ነው፤ የጎኩ የትውልድ ስሙ ካካሮት ከካሮት ነው፤ ወንድሙ ራዲትስም ከፍጅል ነው። ላይ ላዩን የሚያስፈራ የጦረኛ ስም ሲሆን ውስጡ ግን ጎመንና ካሮት ነው። ሰሙ ጦር፥ ወርቁ ጓሮ ነው ቢባል ይሆናል፤ ትዕቢተኛውም ስሙ በተጠራ ቁጥር ሳያውቀው ይሣቅበታል። እንግሊዝኛ ሰሚ ከእነዚህ ስሞች አንዱን ወይም ሁለቱን ሊጠረጥር ይችላል፤ ነገር ግን የነገዱን ስም የሚከፍተው ቁልፍ በጃፓንኛው ውስጥ ስለ ሆነ ኅብሩ አይገለጥለትም። ከሥዕሉ ግርጌ የሚጻፈው ትርጉም ይህን ሁሉ ባይፈታውም ድምፁን አይነካምና፥ ጆሮ ያለው ሰው አንድ ቀን ይደርስበታል።

አራተኛው ስለ ዜማና ስለ ዝምታ ነው። የጃፓኑን ትርኢት ሙዚቃ የደረሰው ሹንሱኬ ኪኩቺ ነበረ። ኪኩቺ ሙዚቃውን በሚያስፈልግበት ቦታ አስገብቶ በሌላው ቦታ ዝም ያሰኘዋል፤ ሁለት ጠላቶች ሲተያዩ የሚሰማው ነፋሱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አሜሪካኖቹ ግን የኪኩቺን ሙዚቃ አውጥተው በሌላ ተኩ፤ ዝምታ የነበረበትንም ብዙ ቦታ በድምፅ ሞሉት። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም የሚሉበትን ምክንያት ለሚያውቅ ካህን የዚህ ስሕተት ምንነት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዝምታም ከዜማው ክፍል አንዱ ነውና፥ በጾመ ድጓ ጊዜ ከበሮ የመታ ሰው አንድ ነገር ጨመረ አይባልም፤ የነበረውን አጠፋ ይባላል እንጂ።

አምስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ስለ ሞትና ስለ ሲኦል፥ ስለ አምላክም ስም ነው። የአሜሪካኑ ትርጉም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር የሁለተኛው ተከታታይ የመጀመሪያዎቹ 67 ክፍሎች ተቆራርጠው 53 ሆኑ። የሞተው ሰው ሞተ እንዳይባል «ወደ ሌላ ዓለም ሄደ» ተባለ። ጎኩ ወደ ሲኦል በወደቀ ጊዜ በዚያ ባሉት ጠባቂዎች ልብስ ላይ የነበረው የሲኦል ስም ፊደሉ ተለውጦ ሌላ ቃል ሆነ። ይህ የተደረገው ልጆች እንዳይደነግጡ ነው። ነገር ግን በዚህ የተነሣ የአሜሪካ ልጅ ያየው ሰዎች ሳይሞቱ የሚጠፉበትን፥ ክፉዎችም ያለ ሲኦል የሚቀሩበትን ታሪክ ነው። ጃፓንኛው ግን ሞትን ሞት፥ ሲኦልንም «ጂጎኩ» ብሎ በስሙ ይጠራዋል። በዚያ ያለው ፈራጅ «ኤንማ» የተባለው ከሕንድ በቻይና በኩል ወደ ጃፓን የገባ የሙታን ንጉሥ ነው፤ ወንጌል የሚያስተምረው ፍርድም አይደለም። ቢሆንም የማያምኑበትን ነገር በስሙ ማወቅ ስሙ ጠፍቶ ሳያውቁት ከመቀበል ይሻላል።

የአምላክ ስም ነገርም እንዲሁ ነው። በታሪኩ ውስጥ ምድርን የሚጠብቅ «ካሚ ሳማ» የሚባል ሽማግሌ አለ። «ካሚ» በጃፓን የጥንት ሃይማኖት ለተራራና ለወንዝ፥ ለቀደሙት አባቶችም መናፍስት የሚሰጥ ስም ነው፤ የጃፓን ክርስቲያኖችም በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ለእግዚአብሔር በዚሁ ቃል ይጠቀማሉ። የእንግሊዝኛው ትርጉም ቃሉን ሳይፈታ እንደ ሰው ስም «ካሚ» ብሎ ስለ ተወው ሰሚው ጴጥሮስ ወይም ጳውሎስ እንደ ማለት አድርጎ ያልፈዋል። ተርጓሚ ይህን ቃል እግዚአብሔር ቢለው ድፍረት ይሆናል፤ እንዲያው ቢያልፈውም ምሥጢሩን መደበቅ ይሆናል። ይህ ችግር ለልጆች ትርኢት ብቻ የመጣ አይደለም። በ1541 ዓ.ም. ጃፓን የገባው ኢየሱሳዊው ፍራንሲስ ዣቪዬር በመጀመሪያ የእግዚአብሔርን ስም «ዳይኒቺ» በሚል የቡድሃውያን ስም ተርጉሞ ሰበከ፤ ቃሉ የያዘውን ነገር በተረዳ ጊዜ ግን ትቶት «ዴውስ» የሚለውን የላቲን ስም ያዘ። የሃይማኖት ሰው እንኳ ቃሉን ከሥሩ ሳይመረምር በተረጎመ ጊዜ የተሳሳተ እንደ ሆነ፥ ለገበያ የሚተረጉም ኩባንያ ምን ያህል ይሳሳት ይሆን?

ይህን ሁሉ ማለት ግን ጃፓንኛው ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። የቴሌቪዥኑ ትርኢት መጽሔቱን እየተከተለ ይሠራ ስለ ነበረ ደራሲው ጽፎ ያላደረሰበት ቦታ በደረሰ ጊዜ ነገሩ ይለጠጣል። ፍሪዛ «ይህች ዓለም በአምስት ደቂቃ ትጠፋለች» ካለ በኋላ አምስቱ ደቂቃ ሳታልቅ ክፍሎች በክፍሎች ላይ ይደራረባሉ። ከዚህ የሚብሰው ጉድለት የሞትን ክብደት የሚያቀል መሆኑ ነው፤ ሰባቱ የዘንዶ ኳሶች በተሰበሰቡ ጊዜ ዘንዶው ወጥቶ ሙታንን ስለሚያስነሣ ተመልካቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማልቀስ ይተዋል። ትንሣኤ በየጊዜው እንደ ሸቀጥ ሲገኝ ሞትም መሥዋዕትም ዋጋ ያጣሉ። ድል ሁሉ በጡንቻ መሆኑም ያሰለቻል፤ ጎሃን ሊቅ እንዲሆን የምትደክመውን እናት ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ መሣቂያ ማድረጉ ፍትሕ አይደለም። ካህንም ወላጅም ይህን ቢነቅፍ በእውነት ነቀፈ። ነገር ግን እነዚህ ነቀፌታዎች የጠሩ የሚሆኑት ሥራው በራሱ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ነው፤ ተለውጦ የመጣውን ሥራ የነቀፈ ሰው ግማሹን የሚነቅፈው የለዋጩን ሥራ ነውና።

የድምፅ ምትክን የሚደግፉ ሰዎች የሚናቅ ምክንያት የላቸውም። ማንበብ የማይችል ሽማግሌ፥ ገና ፊደል የሚቆጥር ሕፃን፥ በሥራ ላይ ሆኖ በጆሮው ብቻ የሚከታተል ሰው፥ እነዚህ ሁሉ ከግርጌ የሚጻፈውን ትርጉም ሊጠቀሙበት አይችሉም። ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድነት ተቀምጦ ያየው በዚህ ምክንያት ነው። ድምፅ መስጠትም ታላቅ ጥበብ ነው። ጎጃሜው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ካነበበው ወዲህ ጉዱ ካሣን ከወጋየሁ ድምፅ መለየት ለብዙ ሰው የማይቻል ሆኗል። ወጋየሁ ግን ያነበበው ደራሲው የጻፈውን በደራሲው ቋንቋ ነው እንጂ ሌላ ነገር አልተካም።

በጃፓንም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለ። ማሳኮ ኖዛዋ የተባለች ተዋናይት በ49 ዓመቷ የጎኩን ድምፅ መስጠት ጀመረች፤ ልጆቹ ጎሃንና ጎተን በተወለዱ ጊዜም ድምፃቸውን የሰጠች እርስዋው ናት፤ ሰማንያ ዓመት ካለፋት በኋላም በ2017ቱ ተከታታይ ተሰምታለች። ደረቱ የሰፋውን ጎልማሳ በሴት ድምፅ መስማት በመጀመሪያ ለእንግዳ ጆሮ ይከብዳል። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የተከታተለ ሰው ግን ምክንያቱን ይረዳል፤ ሰውየው ቢያድግም የተራራው ሕፃን በውስጡ አልሞተም፤ አባትና ልጅም አንድ ደም መሆናቸው በድምፅ ይታወቃል። በአሜሪካኑ ትርጉም አዋቂው ጎኩ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ተሰጥቶታል፤ የተቆረጠውም ይህ ከሕፃንነት ጀምሮ የተሳበ ክር ነው።

የታሪኩ ሥር ራሱ ለዚህ ክርክር ምስክር ነው። ጎኩ ስሙን የወሰደው በ16ኛው መቶ ዓመት ቻይና ከታተመው «ወደ ምዕራብ የተደረገ ጉዞ» ከተባለው ልብ ወለድ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የዝንጀሮዎች ንጉሥ ስም በጃፓንኛ ሲነበብ «ሶን ጎኩ» ይሆናል። ያ ዝንጀሮ የሚያጅበው መነኩሴ በእውነት የነበረ ሰው ነው። ሽዋንዛንግ የተባለው ይህ ቻይናዊ የቡድሃ መነኩሴ በ7ኛው መቶ ዓመት በአገሩ ቋንቋ የተተረጎሙት መጻሕፍት እርስ በርሳቸው ስላልተስማሙለት፥ በረሃና በረዶ አቋርጦ ሕንድ ደረሰ፤ በዚያም ቋንቋውን ተምሮ መጻሕፍቱን በመጀመሪያ ቋንቋቸው አነበበ፤ ከ16 ዓመት ያህል በኋላም መጻሕፍቱን ተሸክሞ ተመለሰና የቀረ ዕድሜውን በትርጉም ሥራ ፈጸመ። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከአንዱ የጎጃም ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው የሚሻገር ተማሪ ሃይማኖቱ ከዚያ መነኩሴ የተለየ ነው፤ ያ መነኩሴ በትርጉም ያልረካበትን ምክንያት ግን ለመረዳት አይቸገርም።

ስለዚህ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ልጁን ሊከለክል ወይም ሊፈቅድለት የሚያስብ ወላጅ፥ ስለ ትርኢቱም ምክር የሚጠየቅ ካህን፥ አስቀድሞ አንዱን ክፍል ከልጁ ጋር ተቀምጦ በጃፓንኛው ይስማው፤ ልጁም የግርጌውን ጽሑፍ እያነበበ ይተርጉምለት። «ካሚ» ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ኤንማ ማን እንደ ሆነ፥ ሙታንን የሚያስነሣው ዘንዶ ከክርስቲያን ተስፋ በምን እንደሚለይ በዚያው ጊዜ ይጠያየቁ። ልጁ ንባብ ይለማመዳል፤ ወላጁም የሚፈርድበትን ነገር ያውቃል። ትርኢቱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ቢመጣም ጃፓንኛውን አስቀድሞ ይማር፤ ለጎኩ የገጠር ሰው አነጋገር፥ ለፍሪዛም «እርስዎ» የሚለውን ቃል ይስጥ፤ ዝም የተባለበትንም ቦታ ዝም ይበልበት።